ኩላሊታችንን ማን ቆጠረው?

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ፈቀቅ ብዬ ስለ አንድ ቁጥር ላወራ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ስልካችሁን ስትከፍቱ ይህን መልእክት ሳታዩ የምትውሉበት ሳምንት ያለ አይመስለኝም። የአንድ ወጣት ፎቶ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከዚያም «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ወገን ድረሱለት» የሚል ጽሑፍ። ፎቶው በታክሲ መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ ጓደኞቹ ካርቶን ይዘው መንገድ ላይ ይቆማሉ። አንዳንዱ ይተርፋል። አንዳንዱ ገንዘቡ ሳይሞላ ያርፋል፤ መልእክቱ ግን ከሞተም በኋላ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል።

ሁላችንም «የኩላሊት በሽታ በዛ» እንላለን። በዛ ለማለት ግን በፊት ስንት እንደነበረ፣ አሁንም ስንት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአዋቂዎቻችን መካከል ስንቱ ነው ኩላሊቱ እየደከመ ያለው? ይህ ጥያቄ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ታሪኩን ስታዩት ግን የመንግሥትም፣ የመንገድም፣ የገበያም ጉዳይ ነው። እኔ ዓይኔን የምጥለው በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው፦ በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴ፣ በቀየት።

📌 «ኩላሊቴን አመመኝ»

ከቋንቋችን እንጀምር። በአገራችን ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። ሲያርስ የዋለ፣ ብርድ የመታው፣ እንስራ ያዘለች፣ ሁሉም ሕመሙን በኩላሊት ያመካኛል። ኩላሊት ሲጠቀስ የምንሰማው ትልቅ ነገር ነው፤ በመዝሙረ ዳዊትም በኤርምያስም አምላክ የሰውን ልብና ኩላሊት እንደሚመረምር ተጽፏል። ኩላሊት የሰው ስውር ነገር መቀመጫ ነው፤ ከላይ ካለው በቀር የሚያየው የለም።

የሚያሳዝነው ነገር ሥር የሰደደው የኩላሊት በሽታ በአብዛኛው አለማመሙ ነው። ኩላሊት ለዓመታት እየደከመ ባለቤቱ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ሠርግ ይበላል። ፊቱ ሲያብጥ፣ ትንፋሹ ሲያጥር፣ ምግብ ሲያስጠላው ሆስፒታል ይሄዳል፤ ያኔ የቀረው አቅም ከ15 ከመቶ በታች ሊሆን ይችላል። እናም ወገቡን አሞት «ኩላሊቴን» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ደህና ነው፤ ኩላሊቱ የታመመው ደግሞ ምንም አይልም። በሰው ስሜት ብቻ ይህን በሽታ መቁጠር አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል።

📌 ማንኪያ፣ ሻማና አንኮበር

መለካት የጀመረው ሪቻርድ ብራይት የሚባል የለንደን ሐኪም ነው። በጋይስ ሆስፒታል ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማንን እያየ ሽንታቸውን በማንኪያ አድርጎ በሻማ ላይ ያሞቅ ነበር። የአንዳንዶቹ ሽንት እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። እነዚያ ሰዎች ሲሞቱ አስከሬናቸውን ሲመረምር ኩላሊታቸው ተበላሽቶ አገኘው። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1827 አሳተመ። በሽታውም ለብዙ ዘመን «የብራይት በሽታ» ተብሎ በስሙ ተጠራ።

ያ ዘመን በእኛ አገር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ አንኮበርና አንጎለላ ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ አንኮበር ሲገባ ሩፐርት ከርክ የተባለ ሐኪም ይዞ ነበር። የዘመኑ ተጓዦች እንደጻፉት ሕዝቡ መድኃኒት ፍለጋ ይጎርፍ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው የመድኃኒት ነገር አይጠግቡም ነበር። የብራይት መጽሐፍ ከወጣ ያኔ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ማንኪያውም ሻማውም አንኮበር አይጠፋም፤ የጎደለው እውቀቱ ነበር።

ይህን የማነሣው ለቁጭት ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወደ 200 ዓመት ሊጠጋ ነው። ዛሬ ያ ማንኪያና ሻማ ወደ ቀጭን የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ተለውጧል፤ ሽንት ውስጥ ይነከራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ይናገራል። ርካሽ ነው። ግን ጤነኛ መስሎ የሚሄድ የመንዝ ገበሬ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ምርመራ የሚያገኝበት ምክንያት የለውም።

📌 ከአሞሌ እስከ ፌስታል ጨው

ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት ሁለቱ ነገሮች ስኳርና ደም ግፊት ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የኩላሊት ብግነት፣ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መውረጃ መዘጋት፣ ኤች አይ ቪ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚዋጡ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ይመጣሉ።

ስኳር የሀብታም በሽታ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረን። ንግሥት ዘውዲቱ የስኳር ሕመምተኛ እንደነበሩ ይነገራል፤ ያረፉት በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ነው፣ ኢንሱሊን ካናዳ ውስጥ ከተገኘ ዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ። ዛሬ ስኳር ቤተ መንግሥት አይመርጥም።

ደም ግፊትን ስናነሣ ደግሞ ጨው አለ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ጨው ከአሳል ሐይቅ በአፋር ግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። አሞሌ ጨው ደግሞ ደጋ ላይ ገንዘብ ነበር፤ በግ ይገዛል፣ ባና ይገዛል። ገንዘቡን ወጥ ውስጥ በእፍኝ የሚጨምር ሰው የለም። ዛሬ ጨው በፌስታል የሚሸጥ፣ ከሱቅ ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ያህል ጨው እንደሚወስድ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ከዚያ ወሰን ያለፈው ሰው ከ100 ወደ 96 ነው። በዚሁ ዳሰሳ ከአዋቂዎች 16 ከመቶ ያህሉ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አያቶቻችን ይህን ያህል ጨው ይበሉ ነበር ብዬ አላምንም፤ አቅማቸውም አይፈቅድም።

📌 ታዲያ ስንት ነን?

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዓለም ራሱ የሚስማማበት መለኪያ አልነበረውም። አንዱ ሐኪም «የኩላሊት መድከም» የሚለውን ሌላው «ደህና» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በሽታውን በአምስት ደረጃ ከፈለው። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ60 በታች ከወረደ፣ ወይም እንደ ፕሮቲን በሽንት ያለ የጉዳት ምልክት ካለ፣ ይህም ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። ዓለም በአንድ ሚዛን መቁጠር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚህ ሚዛን እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ ወደ 700 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ማለትም 9 ከመቶ ያህሉ፣ ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል። በዚያ ዓመት 1.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የጥናቶች ጥርቅም 14 ከመቶ የሚጠጋ ግምት ሰጠ፤ ይሁንና ከተሰበሰቡት ጥናቶች ጥራታቸው ከፍ ያለው እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ራሳቸው አጥኚዎቹ ተናግረዋል።

በአገራችን የተሠሩት ጥናቶች በብዛት ሆስፒታል የመጡ የስኳርና የግፊት ታማሚዎችን የያዙ ናቸው። አንዱን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የቡታጅራ ሆስፒታል ጥናት የስኳር ታማሚዎች የኩላሊት አቅም በሁለት ቀመር ተሰላ። በአንደኛው ቀመር 18.2 ከመቶ፣ በሁለተኛው 23.8 ከመቶ የሚሆኑት አቅማቸው ከ60 በታች ሆነ። ሰዎቹ አንድ ናቸው፣ ደሙም አንድ ነው፤ ቀመሩ ሲለወጥ ግን የታማሚው ቁጥር ይለወጣል።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ የስኳር ታማሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ አንድ ላይ አስልቷል። አምስቱም ደረጃዎች ሲቆጠሩ 35.5 ከመቶ፤ ከሦስተኛ ደረጃ በላይ ያሉት ብቻ ሲቆጠሩ 14.5 ከመቶ። የሁለቱ ልዩነት ምን ይነግረናል? ከታመሙት ስኳረኞች ከግማሽ በላዩ ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ናቸው፤ ማለትም በክኒን፣ በጨው ቅነሳ፣ በስኳር ቁጥጥር ጉዞአቸውን ማዘግየት በሚቻልበት ቦታ። የካርቶኑ ልመና ከመድረሱ በፊት።

📌 ቁጥሩ ለምን ይንሸራተታል?

ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፦ ትርጉሙ «ከሦስት ወር በላይ» ይላል፤ ብዙ ጥናቶች ግን ሰውን የሚለኩት አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ተቅማጥ የያዘው ወይም ውኃ የጠማው ሰው ታማሚ ሊመስል ይችላል። ይህ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፦ የሚለካው ክሬአቲኒን የጡንቻ ውጤት ነው። ጡንቻው የሳሳ፣ ብዙ ዓመት በቂ ያልበላ ሰው ክሬአቲኒኑ ዝቅ ስለሚል ኩላሊቱ ተጎድቶ ሳለ ወረቀቱ «ጤነኛ» ሊለው ይችላል። ድርቅና ውርጭ በሚፈራረቁበት ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህ ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ቀመሮቹም ቢሆኑ በሌላ አገር ሰው ላይ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአሜሪካ ቀመር «ጥቁር» ለሚባል ሰው ውጤቱን በ18 ከመቶ ከፍ ያደርግ ነበር። ኢትዮጵያዊውን በዚህ ማባዛት አለብን ወይስ የለብንም? አንዱ አጥኚ ያባዛል፣ ሌላው አያባዛም። አሜሪካኖች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን የዘር ማባዣ ከቀመሩ አወጡት።

ሦስተኛ፦ ደጋው ራሱ ጥያቄ ነው። ኩላሊት ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየተከታተለ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሰሜን ተራሮች ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎቻችን የሄሞግሎቢን መጠን እንደ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ከፍ ያላለ፣ ለቆላ ሰው የቀረበ ሆኖ አግኝቶታል። የእኛ ደገኛ ሰውነት የራሱ መንገድ አለው ማለት ነው። ታዲያ የጓሳን ብርድ የለመደ ሰው ኩላሊት በሲያትል ወይም በቦስተን ሰው ሚዛን ብቻ ሊመዘን ይገባዋል? ይህ የሚመለሰው እዚያው ሄዶ በመለካት ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ የምንካፈልበት ጠቅላላ ቁጥር የለንም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ዞን ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሯል። ግማሹ አዋቂ ነው ብንልና ከ10 አዋቂ አንዱ ታሟል ብንል 90 ሺህ ሰው ይሆናል። የአፍሪካውን 14 ከመቶ ብንወስድ 126 ሺህ። ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ነገር ግን በሁለቱ ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ 36 ሺህ ሰው ነው። በአንድ ዞን ውስጥ 36 ሺህ ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቁ በጀት መያዝ እንዴት ይቻላል?

📌 ከሲያትል ኮሚቴ እስከ ቴሌግራም

የኩላሊት እጥበት ማሽንን የፈጠረው ሆላንዳዊው ቪለም ኮልፍ ነው፤ አገሩ በናዚ ተይዛ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የቋሊማ መጠቅለያ በሆነ ሴሎፎን። መጀመሪያ የታጠቡት ሕሙማን ሞቱበት፤ በ1945 አንዲት ሴት ተረፈችለት። ሰውን ለዓመታት እያጠቡ ማቆየት የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያትል ውስጥ ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር ከክንድ የማይነቀል ቱቦ ከሠራ በኋላ ነው።

ያኔ ሌላ ችግር መጣ። ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ። ስለዚህ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት ጭምር ነበሩበት። ማን ይታጠብ፣ ማን ይሙት ብለው ይወስኑ ነበር። ሥራ አለው ወይ? ልጆች አሉት ወይ? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ? ይህ በላይፍ መጽሔት ሲወጣ አሜሪካ ደነገጠች። በ10 ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ መንግሥት የእጥበትን ወጪ የሚሸፍንበት ሕግ ወጣ።

በእኛ አገር ለሥር ሰደድ ታማሚዎች የሚሆን እጥበት የተስፋፋው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች ጀምሮ ነው። በኋላ ዳግማዊ ምኒልክና ዘውዲቱን የመሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ገቡበት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። ትልቅ ቀን ነበር፤ ሕንድ ሳይሄዱ መዳን ተቻለ። ነገር ግን ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ እንዲሆን ይጠየቅ ስለነበር፣ ዘመዱ ያልተስማማለት ወይም ዘመዱም የታመመበት ሰው በእጥበት ላይ ይቀር ነበር።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ለገበሬው ብዙ ጠቅሟል፤ የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ ግን ከሽፋኑ ውጭ ከተደረጉት መካከል ነበሩ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የጥቂቶች እጥበት የብዙዎችን መዋጮ ይበላል። ግን ውጤቱን እንየው። የሲያትል ኮሚቴ ጠፍቷል ብላችሁ ታስባላችሁ? የእኛ ኮሚቴ ስልካችን ነው። መልከ መልካሙ፣ ተማሪው፣ ታዋቂ ጓደኛ ያለው፣ ፎቶው ልብ የሚነካው ይጋራለታል። ስልክ የሌላት የ50 ዓመት የግሼ እናት ማን ያጋራላታል? እኛ ሳናውቀው በጣታችን እየፈረድን ነው።

ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እጥበት ያለ መብራት፣ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ያለ ማጣሪያ አይሠራም። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል የእጥበት ቁሳቁስ አልቆ ታማሚዎች እንደሞቱ ሐኪሞቹ ለዓለም ተናግረዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ያ መንገድ ለመንዝም ተዘግቶ ነበር። መንገድ ሲዘጋ የቁስለኛው ነገር በዜና ይነገራል፤ የክኒን ቀጠሮው ያለፈበት ግፊተኛ ግን አይነገርለትም። የእሱ ኩላሊት ሒሳቡን የሚያወራርደው ከዓመታት በኋላ ነው።

📌 ከቀየት እስከ ደብረ ብርሃን

አንድ የደጋ ሰው ኩላሊቱ ሲደክም ምን ይሆናል? መጀመሪያ ጠበል ይሄዳል፤ ይሂድ፣ እምነቱ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ። ከዚያ መሐል ሜዳ፣ በመርሐቤቴ በኩል ከሆነ ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት ድርጅት ያሠራው የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል። ከዚያ ደብረ ብርሃን። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ማለት በሬውን ሽጦ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ አንድ ልጅ አስታማሚ አድርጎ መኖር ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ «አገሬ ልግባና ልሙት» ይላል። ቤቱ ገብቶ ይሞታል፤ ለለቅሶ የመጣው ሰው «ሰውነቱ አብጦ ነበር» ይላል። በየትኛውም መዝገብ «ኩላሊት» ተብሎ አይጻፍም።

እናም የምናየው የካርቶን ልመና የበሽታው ልክ አይደለም። ከተማ መድረስ የቻሉት ሰዎች ልክ ነው።

ምን ይደረግ? እኔ እጥበት ማሽን በየወረዳው ይተከል አልልም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚደርስ ሠራዊት ሰጥቶናል፤ እናቶችንና ሕፃናትን ያተረፈው እሱ ነው። ዕድሜው 40 ያለፈውን ሰው፣ ግፊትና ስኳር ያለበትን ሁሉ፣ በዓመት አንዴ ግፊቱን መለካትና ሽንቱን በዚያ ወረቀት ማየት ይቻላል። የተገኘበት ሰው ከሦስት ወር በኋላ ይደገምለት። ደብረ ብርሃን ላይ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ፤ ተማሪዎቹ ከሆስፒታል ካርድ ይልቅ ወደ ላሎ፣ ወደ ማማ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ግሼ ወጥተው ጤነኛ የሚመስለውን ሰው ይለኩ። የዚያ ጥናት ውጤት ለኩላሊት ብቻ ሳይሆን ለጤና መድኑም የሒሳብ መነሻ ይሆናል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያውን ውሳኔ አሳልፏል። ዓለም ዘግይቶም ቢሆን ነቅቷል። ውሳኔው ጄኔቫ ወረቀት ላይ እንዳይቀር መንግሥታችንን የምንጠይቀው ደግሞ እኛ ነን።

በመጨረሻ ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፦ ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው እናት አባት ካሏችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ሽንታቸው ፕሮቲን አለው ወይ? ክሬአቲኒናቸውስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛው፦ የዚያን ወጣት ፎቶና የሒሳብ ቁጥር ማጋራታችሁን አታቁሙ፤ እሱ ዛሬ ያስፈልገዋል። ግን ስታጋሩ ከእሱ ኋላ ፎቶ የሌላቸው ስንት ሰዎች እንዳሉ ጠይቁ። ጥያቄውን ለወረዳችሁ፣ ለዞናችሁ፣ ለጤና ቢሮው አድርሱት።

አስተያየታችሁን ጻፉልኝ። ቸር ያሰማን።